ባዶው ቫልቮላ

አዲሷ መካኒክ ዘርትሁን የገዛችውን የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ፣ የጋራዡ አለቃ በመዳፉ መዘነና ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ፈትቶ የገጠመን ሰው፣ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ልታስተምረው?

«ቀፎ ነው የሸጡልሽ፤ ውስጡ ባዶ ነው።»

«ሶዲየም አለበት፣ ጋሼ። ግሎ እንዳይሰነጠቅ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። እባክዎ አይቁረጡት፤ ውኃ ከነካው ይነዳል።»

«ደግሞ ውኃ የሚያነደው ብረት መጣልኝ። ባዶ ከሆነ ዛሬውኑ ከዚህ ትለቂያለሽ።»

ሠራተኛው ሁሉ እያየ በመጋዝ ቆረጠው። እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቅባት መስሎት ሊያጥበው ወደ ውኃ ባልዲው ዞረ፤ ባልዲው ግን ውኃ የለውም፣ ዘርትሁን ደረቅ አሸዋ ሞልታበታለች።

«ውኃ መቅዳትም አላስተማሩሽም?» አለና ቫልቮላው ላይ እንትፍ አለበት።

ምራቁ የነካው ነጭ ነገር ጣቱ አጠገብ ተንጣጥቶ ነደደ። ቫልቮላው ከእጁ ሲወድቅ፣ ዘርትሁን አሸዋውን ደፋችበት።