የሦስተኛው አልበም ሐዘን

ሐያሲው የዘፋኙን ሦስት አልበሞች የሰማው በልጅነቱ፣ መብራት ባልገባበት ገጠር፣ በካሴት ነበር። ሦስተኛው አልበም ገዢ አጥቶ ከገበያ ስለጠፋ ከዚያ ወዲህ ዳግም አልሰማውም፤ ቢሆንም ሰባት ዓመት የለፋበትን ጥናት ዛሬ ዘፋኙ ራሱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ አቀረበ።

«በመጀመሪያው አልበም ገና ጮርቃ ነው፤ ይቸኩላል። በሁለተኛው ረጋ ይላል። በሦስተኛው ግን ድምፁ ወፍሮ፣ ዜማው እየተጎተተ፣ የሐዘን ጥግ ይደርሳል። ብስለት ማለት ይህ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አንተ ልጅ፣ ሦስተኛው ካሴት የመጣ ክረምት የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ አልነበር? አስጥተን እንዳናበረታው ፀሐይ የለ፤ እየጎተተ ነው እኮ የሰማነው። ኋላ ከተማ ገብቼ ብሰማው የሰርግ ጭፈራ ሆኖ አገኘሁት።»

ሐያሲው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ዘፋኙ ወደ እሱ ሲመጣ አይቶ እንደምንም ብድግ አለ።

ዘፋኙ እንባ አቅርሮ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«ወንድሜ፣ እኔስ ለሰርግ ብዬ ነበር የሠራሁት» አለው። «ሐዘኔን ያየህልኝ አንተ ብቻ ነህ።»