የካርቶን መሳቢያ

«ይሳቡት» አለች መቅደላዊት፣ የጫማ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወደ አማቷ ገፋ አድርጋ።

ኦቦ ዋቅወያ አልነኩትም። አርባ ዓመት ሙሉ የነቀምቴን በርና ቁም ሣጥን የሠሩ አናጺ፣ በስተርጅና ካርቶን ሳብ ተባሉ። የልጃቸው ሚስት ሦስት ቀን ቆርጣ፣ በኮላ አጣብቃ፣ በፕላስተር ጠቅልላ የሠራችው ነገር ፊታቸው ተገትሯል። አናቱ ላይ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ በአፉ ተደፍቶ ተሰክቷል፤ ውስጡ ወረቀታቸው የተላጠ አምስት ከረሜላዎች አሉ። ከታች መሳቢያ አለው፤ እጀታው የጠርሙሱ ክዳን ነው። እሷ እንደምትለው አንዴ ሲሳብ አንድ ከረሜላ ይጥላል፣ ከዚያ በላይ አይጥልም።

«ሂን በርባዱ» አሉ። አማርኛውን አሳምረው ያውቁታል፤ ግን አልፈልግም ማለት በኦሮምኛ ይበልጥ ይጥማቸዋል፣ በተለይ ለእሷ።

አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ከሆኑ ሰባት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ኢቢሳ ከኪራሙ የሰፋሪ ልጅ ላግባ ሲል «የኛ ልጅ አልቆ ነው?» ያሉት እሳቸው ናቸው። እሷም ሰምታለች፤ የምትረሳ ሴት ደግሞ አይደለችም። አሁን ኢቢሳ ለሥራ ጅማ ሄዶ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ቀርተዋል። ከነገ ጀምሮ ደግሞ እሷም ቀን ቀን አትኖርም። ሁለት ዓመት የጠበቀችው የመምህርነት ቅጥር ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ ደርሷት፣ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። ቤት የሚውሉት ኦቦ ዋቅወያና የስኳር በሽታቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ስኳራቸው ወርዶ ወለሉ ላይ ወድቀው ጎረቤት ሲያገኛቸው፣ አንድ ከረሜላ ከነወረቀቱ በጡጫቸው ጨብጠው ነበር። ጣታቸው ተንቀጥቅጦ ወረቀቱን መፍታት አቅቷቸዋል። ተልጦ ሳህን ላይ ይቀመጥላቸው እንዳይባል፣ ያም ተሞክሮ ነበር፤ አንድ ሳህን ሙሉ አንዴ ቁጭ ብለው ጨርሰው ሆስፒታል ገቡ። ጣፋጭ ነገር ይወዳሉ። ይህን ማንም እንዲያነሳባቸው አይፈልጉም።

«የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ። «ለልጅሽ አስቀምጪው። ስትወልጂ።»

የመቅደላዊት ፊት አልተለወጠም። ይህችን ቃል ለምዳታለች፤ መልመድ ግን አለመታመም አይደለም።

«ሳይስቡት ሥራ አልሄድም፣ አባባ። ሥራ ካልሄድኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ፊትዎ ነኝ። ይምረጡ።»

ማስፈራሪያዋ ጥሩ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ መልስ ሊሰጧት አፋቸውን ሲከፍቱ ማጅራታቸው ላይ ቀዝቃዛ ላብ ተሰማቸው። ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ እሷ የሠራችውን ቅንጬ «ጨው በዝቶበታል» ብለው ገፍተውት ነበር። ጨው አልበዛበትም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«ወርዷል» አለች።

«አልወረደም።»

«ላብዎን አየሁት። ይሳቡት።»

ከጠርሙሱ የተረፈው ከረሜላ በላስቲክ እንደተቋጠረ እጇ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ብትራመድ ታጎርሳቸዋለች። አልተራመደችም፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«ልትገድይኝ ነው?»

«ነገ በዚህ ሰዓት እኔ የለሁም። ዛሬ ባጎርስዎ ነገ ማን ያጎርስዎታል?»

እዚሁ ወንበሩ ላይ ቢሞቱ ኢቢሳ መጥቶ ማንን እንዳገባ ያያል፤ ኦቦ ዋቅወያ ይህን አሰቡና ለአፍታ ደስ አላቸው። ከዚያ ግድግዳው መዋኘት ጀመረ። እጃቸው ሳያዙት ከጋቢው ወጣ። ክዳኑን አንዴ ስቶት፣ በሁለተኛው ያዘና ሳበ።

ምንም አልወደቀም። የክረምቱ እርጥበት ከረሜላዎቹን አርሶ ጠርሙሱ አንገት ላይ አጣብቋቸዋል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። ምላሳቸው ከብዷል፣ ልባቸው ግን ረክቷል። ከመትረፍ ይልቅ የእሷ መሳሳት በልጦባቸው ነበር።

«ወረቀቱንስ አየሁት፤ ሞኙ ማን ይሆን?» አለች መቅደላዊት። ድምፅዋ ቀጥኗል። የላስቲኩን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።

«ተዪው!» ከእጇ መጉረስ ከሞት ይከፋባቸዋል። መዳፋቸውን አንስተው፣ ዝናብ ያሳበጠውን መሳቢያ ሁሉ ሲመቱ እንደኖሩት፣ የካርቶኑን ጎን መቱት። ከረሜላ ወደቀ። ሌላም ተከተለውና ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

አንዱን አፋቸው ከተቱ። በደጅ ባጃጅ አለፈ። ከረሜላው ቀስ ብሎ ሟሙቶ አለቀ።

ግድግዳው ቦታው ሲመለስ መጀመሪያ የሰሙት የላስቲክ መንኮሻኮሽ ነው። መቅደላዊት ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ላስቲኩ ጭኗ ላይ ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ጣቶቿ ከእሳቸው ጣቶች ብሰው ይንቀጠቀጣሉ።

ኦቦ ዋቅወያ የሚሰድቧት ነገር ፈለጉ። አላጡም።

«አንዴ ሲሳብ አንድ ብለሽ ነበር። ሁለት ጣለ።» ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ከረሜላ በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት። «ያንቺም ስኳር ወርዷል መሰለኝ።»

መቅደላዊት ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ከረሜላውን ከጠረጴዛው አነሳችና በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ፣ ለነገ ጠርሙሱ ውስጥ መለሰችው።