የእማማ ዘርፌ ጧሪ

እማማ ዘርፌ ከሴፍቲኔት ድጋፍ የተሰረዙት «ውጭ አገር የሚጦራቸው ልጅ አላቸው» ተብለው ነበር። እሳቸው ግን ወልደው አያውቁም። በነፃ የምትከራከርላቸው ጠበቃ ሰናይት ይህን ለማስረዳት አራት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ከርማ፣ የዕድር ደብዳቤና ሦስት ጎረቤቶች ይዛ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

ልጅ የተባለው የሌላ ሴት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢው በመሥሪያ ቤታቸው ስህተት አፍረው ይቅርታ ጠየቁ። ሰናይት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

«እማማ፣ ለደንቡ ያህል ልጠይቅዎት» አሉ ሰብሳቢው ብዕራቸውን አንስተው። «የሚጦርዎት ሰው የለም ማለት ነው?»

ሰናይት «የለም» ብለው እንዲመልሱ ደጋግማ ነግራቸዋለች። እማማ ዘርፌ ግን ጎረቤቶቻቸውን ገልመጥ አደረጉና፣ በእነሱ ፊት ማንም የሌላት ሴት መባሉን ጠሉት።

«ምነው፣ ይቺ ልጄ እያለችልኝ!» ብለው የሰናይትን እጅ ለቀም አደረጉ። «ታክሲዬን እሷ፣ ምሳዬን እሷ፣ መድኃኒቴን እሷ! ይኸው ይህን ነጠላ የገዛችልኝም እሷው ናት። ብወልድም እንዲህ ያለች አላገኝም!»

ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። ሰብሳቢውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ «ጧሪ» ከሚለው ፊት የተጻፈውን የዚያን ልጅ ስም ሰረዙና ወደ ጠበቃዋ ቀና አሉ።

«ሰናይት ማን ልበል?»