ሦስተኛው ጠርሙስ

ወንዙ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ሰማያዊ ነበር። የሰፈሩ ሰው ዘንድሮ የትኛው ቀለም ፋሽን እንደሆነ የሚያውቀው ከሱቅ ሳይሆን ከወንዙ ነው። ሽቅብ ያለው የልብስ ፋብሪካ አጥሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ አረንጓዴ ቅጠልና ሁለት የተዘረጉ እጆች ተስለውበታል።

እውነቱን ለመናገር ፋብሪካው ለጋስ ነው። ለትምህርት ቤቱ ደብተር፣ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ሰጥቷል። ወንዙ ዳር አምስት መቶ ችግኝ ተክሏል፤ የጸደቀው ግን በጣት ይቆጠራል። አምና ደግሞ ለየቤቱ የውሃ ማጣሪያ አደለ፤ ከታች ቧንቧ ያለው ነጭ ባልዲ። ሁሉም አጨብጭቦ ተቀበለ። "ወንዙን ካላበላሹት ማጣሪያ ለምን አስፈለገን?" ያለች አንዲት መምህርት ብቻ ነበረች።

መምህርቷ ከእናቷና ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች። የማጣሪያው ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለገላ አይበቃም። ልጅቷ የምትታጠበው ከወንዙ በሚቀዳው ነው፤ ሁለቱም ክንዶቿ ሽፍ ብለው ቆስለዋል፣ ስታካቸው ይደማሉ። ሐኪሙ ቅባት ሰጠና "ከዚያ ውሃ አርቂያት" አለ። ወዴት እንደምታርቃት ግን አልነገራትም።

ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አመለከተች። የቢሮው አሠራር ቀላል ነው። አመልካቹ ጠዋት ውሃውን ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ላይ የቤተሰቡ ስምና የቤት ቁጥሩ ይለጠፋል፤ ቀትር ላይ የቢሮው ሾፌር መጥቶ ይወስዳል። ምርመራው ሦስት ጊዜ ነው። አንዱ እንኳ ተበክሎ ከተገኘ ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያቆም ይታዘዛል። ሦስቱም ንጹሕ ከሆኑ መዝገቡ ይዘጋል፤ ዳግም አይከፈትም።

ቀትር ላይ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ናት። ጠርሙሱን የምታስረክበው እናቷ ናት።

እናትየዋ አርባ ዓመት የሰው ልብስ አጥባ ልጇን ያስተማረች ሴት ናት። የታጠበውን አጥፋ ትቋጥርና የባለቤቱን ስም በወረቀት አስጽፋ ትሰካበት ነበር። አንድም ቋጠሮ "አልጠራም" ተብሎ ተመልሶባት አያውቅም። ዛሬም ጉልበቷ ደክሞ እጇ አያርፍም፤ የከሰል ጆንያ ሳይቀር ታጥባለች።

"እማዬ፣ ቢቻልሽ እኮ ሳሙናውንም ታጥቢው ነበር" ትላታለች መምህርቷ።

መምህርቷ ለሠላሳ ስምንት ተማሪ ስታስረዳ ውላ ቤቷ ስትገባ ቃላት ያልቁባታል። ጠርሙሱንም በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር አስቀምጣ "ሾፌሩ ሲመጣ ስጪው" ብላ ነበር የወጣችው። ሌላ ምንም አላለችም።

የመጀመሪያው ውጤት መጣ። ንጹሕ ይላል።

መምህርቷ ደጋግማ አነበበችው። የቀዳችው ውሃ ሰማያዊ ነበር፤ ጣቶቿን አቅልሟቸዋል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እናቷን ጠየቀች።

"እማዬ፣ ያን ቀን ቤት ማን መጣ?"

"ማን ይመጣል? አቶ ስጦታ ብቻ። ብርድ ልብስ ይዞ።"

አቶ ስጦታ የፋብሪካው የበጎ አድራጎት ኃላፊ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሲናገር የማይቸኩል፣ አሮጊት ሲያይ ጎንበስ የሚል ሰው ነው።

"የት ነው የተቀመጠው?"

"አግዳሚው ላይ ነዋ።"

"አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ!" አለች መምህርቷ።

ሁለተኛውም ንጹሕ ሆኖ መጣ። አሁንስ ጭራሽ "ለመጠጥ ይሆናል፤ ጥቂት የበረኪና ምልክት አለው" ይላል። ያን ቀንም አቶ ስጦታ ስለ ማጣሪያው ሊጠይቅ ብሎ ጎራ ብሏል። ጠዋት ሞልታ የሄደችው ማጣሪያ ማታ ጎድሎ ነበር፤ ውሃም ጠጥቶ ሄዷል ማለት ነው፣ ብላ ይበልጥ ተናደደች።

ቢሮ ድረስ ሄደች። "ወንዝ ውስጥ በረኪና ከየት ይመጣል?"

"እኛ የመጣልንን ነው የምንመረምረው፣ እቴ" አላት ጸሐፊው።

አቶ ስጦታን መንገድ ላይ አስቆመችው። "ጠርሙሱን ምን አደረጉት?"

"የቱን ጠርሙስ፣ እኅቴ?" አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ። ያጠፋ ሰውም ያላጠፋ ሰውም ፊቱ እንደዚያ ነው።

ሦስተኛውን ጠርሙስ የልብስ ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። ቁልፉን ለእናቷ ሰጠች።

"ከሾፌሩ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ። አቶ ስጦታ ከመጣም ደጅ ይቁም።"

"እንግዳ ደጅ አቁሜ?"

"በሞቴ፣ እማዬ!"

"እሺ፣ እሺ። ለመሆኑ ይህን ጠርሙስ ማን ነው የሚያየው?"

"የቢሮው ኃላፊ ራሱ" አለች መምህርቷ፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሊያመልጣት ስለሆነ እየሮጠች ወጣች።

አሮጊቷ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ዓርብ ዕለት ውጤቱ መጣ። ንጹሕ። ከሥሩ "መዝገቡ ተዘግቷል" የሚል ማኅተም አለበት።

አቶ ስጦታ በዚያ ሳምንት ሰፈሩን አልረገጠም። እንግዲያው ሾፌሩ ነው። ወይ ጸሐፊው። ወይ ሁሉም። መምህርቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ማንን ይዛ ማንን ትክሰስ? ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ክንዷን ታካለች፤ "ተይ" የምትልበት አቅም እንኳ አጣች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ንጹሕ ነው አሉ፣ እማዬ። ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ነው አሉ።"

"ታዲያ ንጹሕ ተባልን ተብሎ ይለቀሳል? ስማችን ተለጥፎበት ያንን እድፍ ለትልቅ ሰው የምልክ መስሎሽ ነው? ሦስቱንም ጊዜ ደፍቼ፣ ጠርሙሱን በበረኪና አጥቤ፣ ከማጣሪያው ሞልቼ ነው የሰጠሁት።"