ውዳቂ ብረት አይደለም

«ኦርቪል፣ ያንን ሰንሰለት መኪናዬ ላይ ብታስር ኮፋኖውን በእጅህ ላይ ነው የምዘጋው!»

ሎሬታ ፕሩዊት ይህን ያለችው ቀና ሳትል ነው፤ እስከ ወገቧ ሞተሩ ላይ ተደፍታለች። ኦርቪል ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆመ። ጎታች መኪናው የግቢዋን መውጫ ዘግቶታል። ከጎኑ የቆመው የከተማው ደንብ አስከባሪ ሚስተር ሄንሊ ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

«ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አለ ሄንሊ። «በራሱ ሞተር የማይንቀሳቀስ መኪና ግቢ ውስጥ ከተገኘ እንደ ውዳቂ ብረት ይነሳል። ጎረቤት አቤት ብሏል።»

«የትኛው ጎረቤት እንደሆነማ ይኸው ወንበር አውጥቶ እያየን ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ክላይድ ስታውፈር በታጨደው ሣር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። እጁን አውለበለበላት።

«የሟች ባለቤትዎ መታሰቢያ እንደሆነ ይገባኛል» አለ ሄንሊ ድምፁን አለስልሶ፤ «ከባድ ነው።»

አሁን ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል።

«የባለቤቴ? ሬይመንድን ማርሽ መቀየር ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ፋብሪካ ገብቼ፣ ከወንዶቹ እኩል ቆርቆሮ እየጨፈለቅሁ የመኪና በር እያወጣሁ በደመወዜ የገዛኋት የራሴ መኪና ናት። እሱ ሲታመም ሸራ አለበስኳት። አሁን ሸራውን ገፍፌያለሁ። ዞር በልልኝ፣ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ሄንሊ ዞር አለ።

ሎሬታ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን አንዱን ካንዴላ ፈትታ ከገመዱ ጋር መልሳ አያያዘችውና፣ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይዛ ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠጋችው። «ኦርቪል፣ ቆመህ ከምታየኝ ግባና ቁልፉን አዙር።»

ኦርቪል ሰንሰለቱን ጥሎ ገባ። ሞተሪኖው እየጮኸ አሽከረከረ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ግን ምንም ብልጭታ የለም።

«ካርቡሬተሩ ነው፣ ሎሬታ» አለ ኦርቪል ከውስጥ። «ቤንዚኑ ቆይቶ ሙጫ ሆኗል።»

«እሳት በሌለበት ቤንዚን ምን ያደርግልኛል? አፍህን ያዝና ውረድ።»

የዚች መኪና እሳት የሚታዘዘው ከሞተሩ ጀርባ፣ የመኪናው የብረት ግድግዳ ላይ በብሎን ከታሰረች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። ሳጥኗ ከመኪናው ብረት ጋር ራቁቷን ካልተነካካች ሥራ አታውቅም። ሎሬታ ብሎኖቹን ፈትታ ሳጥኗን ገልበጥ ስታደርጋት ጀርባዋ በዝገት ቀልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። ግድግዳውንም ብረቱ እስኪያበራ ፋቀችው። ክርኗ ተልጦ ደማ፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

መልሳ አሰረችና ኦርቪልን አስገባችው። ሰማያዊ እሳት ካንዴላው ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ይኸው!» አለች።

ካንዴላውን ቦታው መልሳ ራሷ መሪው ላይ ተቀመጠችና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አገሳ። ጣቷ ቁልፉን በለቀቀበት ቅጽበት ጸጥ አለ። ደግማ ሞከረች። አገሳ፤ ጸጥ አለ።

ከመንገዱ ማዶ ስታውፈር አጨበጨበ።

«ይብቃን» አለ ሄንሊ። «ኦርቪል፣ እሰርና እንሂድ።»

ኦርቪል መሬት ላይ የተዘረጋውን ሰንሰለት አየ። ቀጥ ብሎ ነው የተኛው። «ጌታዬ፣ ተጠላልፎብኛል» አለና ቁጭ ብሎ ያልተቋጠረውን ይፈታ ጀመር።

ሎሬታ መሪውን ጨብጣ አሰበች። ቁልፉን ስይዝ ይነሳል፣ ስለቅ ይጠፋል። ቁልፉን ስይዝ... ድንገት ሳቀች፤ ሄንሊ አበደች እንዴ ብሎ እስኪያያት ድረስ ሳቀች።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ቁልፉን ስይዘው ኮረንቲው በአቋራጭ እሳት አመንጪው ቦቢና ጋ ይደርሳል። ስለቀው በዚያች ነጭ ሸክላ በኩል ነው የሚሄደው። ሸክላዋ ተሰንጥቃለች፣ አለቀ! መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

እንዲህ ያለ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ያቺን ኮረንቲ የምትመጥን ሸክላ፣ ሬዚስተሯን፣ በመለዋወጫነት ይይዛል። ሎሬታ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍታ ካርታውን፣ የጎማ መለኪያውን፣ የደረቀ ማስቲካውን ወለሉ ላይ በተነች። ከሥር፣ ገና ከካርቶኗ ያልወጣች ሬዚስተር አገኘች። የተሰነጠቀችውን ነቅላ አዲሷን አሰረች። 

ቁልፉን አዞረች። አገሳ። ለቀቀችው።

አልጠፋም። የመስኮቶቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ወጥቶ የሄንሊን ሱሪ አጠቆረው።

«ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸ ሄንሊ። «አንድ እርምጃ ወደፊት ካለች ይበቃል! ከዚያ ያጥፏት!»

«ምን አልክ?»

«ያጥፏት!»

«አይሰማኝም!» አለች ሎሬታ፤ ነዳጁንም ረገጠችው።

ኦርቪል ሳይታዘዝ ጎታች መኪናውን ወደ ኋላ ነድቶ መንገዱን ከፈተላት። ስታልፈው ኮፍያውን አነሳ። ስታውፈር ፊት ስትደርስ ፍሪሲዮኑን ይዛ ቆመችና፣ ዓይኑን እያየች፣ ሰውዬው ጆሮውን ይዞ ከወንበሩ እስኪነሳ አስጮኸቻት። 

መንታው መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ቀኝ ብትታጠፍ ሰፈሩን ዞራ ቤቷ ትመለሳለች። ወደ ግራ፣ በበቆሎው ማሳ መሀል ወደ ሐይቁ የሚወስደው ሰፊ መንገድ አለ። ወደ ታች ስታይ ፔዳሎቹ ላይ ያረፉት የቤት ነጠላ ጫማዎቿ ናቸው፤ የቤቷንም በር ክፍት ጥላው ነው የወጣችው።

ማርሽ አስገብታ ወደ ግራ ታጠፈች።