የቱቦዋ ትርታ

መካኒኩ ቀጭኗን የናፍጣ ቱቦ በሁለት ጣቱ ያዘና ባለወፍጮዋን "አስነሺው" አላት። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነሳም፤ ቱቦዋም በጣቶቹ መሃል በድን ሆነች። ፖምፓው ናፍጣ ሲገፋ ቱቦዋ እንደ ደም ስር ትመታለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሞተርን ሕመም የለየው በዚህ ነበር። ሞተሩን ካደሰው ወዲህ ፖምፓውን ሦስት ጊዜ ፈታ፣ ሦስት ጊዜ ገጠመ። ያው ነው።

"ጋሼ፣ ሳይነኩት እኮ እያነከሰም ቢሆን ይፈጭልኝ ነበር" አለች።

"እስቲ ነይ፣ አንቺ ያዣት" ብሎ ቦታውን ለቀቀላትና ቁልፉን ራሱ አዞረ።

"ይሄ ትር ትር የሚለው ምንድን ነው?" አለች፣ ጣቷን ቱቦዋ ላይ እንደጫነች።

እየተጣደፈ ተጠግቶ ጣቶቹን ከጣቷ አጠገብ አሳረፈ። እሷ ተንጠራርታ በሌላ እጇ ቁልፉን አዞረች። "ይኸው፣ ትመታለች።" የእሱ ጣቶች ግን ምንም አልተሰማቸውም።

"እና ፖምፓው ይሠራል ማለት ነው?" አለች።

"ፖምፓው ድሮም ደህና ነበር፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው" አለ። ቀስ ብሎ የቀኝ እጁን ጣቶች ከአውራ ጣቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ቆነጠጠ። ትንሿ ጣቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ፤ አሁን በጥፍሩ።