ከብርቱካኑ ጀርባ ያለው ገንዳ

እስራኤል አገር ከጌዴራ ወደ ያቭነ ሲሄዱ፣ ከብርቱካን እርሻ ጀርባ፣ አንድ የድሮ የመስኖ ገንዳ ነበር። ውሃው አረንጓዴ፣ አጥሩ ረጅም፣ በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለ። እዚያ ውስጥ የጀልባ ሞተር ይፈተን ነበር። ባህሩ አፍንጫ ስር እያለ ገንዳ ውስጥ መፈተኑ እዚያ የሚሠራውን ንጉሴን ያስቀው ነበር። «ሙሽራ በጓዳ እንደ መደበቅ ነው» ይላል።

ሞተሩ ድምፅ የለውም። ሚስጥሩም እሱ ነው። ሌላ ኩባንያ ቀድሞ ከሰማ ድካሙ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ስልኩን በር ላይ ያስረክባል፤ ለጠየቀው ሰው ደግሞ «ዓሣ እናረባለን» ይላል።

ይሄ ሌላ ጣጣ አመጣ። ንጉሴ የሚኖርበት የቂርያት ማላኪ ጎረቤት በሙሉ ለሰንበት ዓሣ አምጣልን ማለት ጀመረ። ንጉሴ ምን ያድርግ፣ ከሱቅ እየገዛ «ዛሬ የወጣ ነው» እያለ ያድላል። ሚስቱ ውብዳር አንድ ቀን ከረጢቱን ገልብጣ አየችና፣ «እናንተ ዘንድ ያለው ዓሣ የሱቅ ወረቀት ለጥፎ ነው የሚወለድ?» አለችው። ለሷም አልነገራት።

ደባሱን እዚያ ሥራ ያስገባው ንጉሴ ነው። ወገራ አብረው ከብት ጠብቀዋል፣ እስራኤልም አብረው ገብተዋል። ደባሱ ያቭነ ሰፈረ፣ ንጉሴ ቂርያት ማላኪ። አለቃው ያሪቭ «ይሄን ሰው ታምነዋለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ንጉሴ ደረቱን መታ። «ከራሴ በላይ» አለ።

በ2018፣ ሙቀቱ እየጠና ሲመጣ፣ የደባሱ ጎረቤት እትዬ ዘነበወርቅ ያቭነ አዳራሽ ውስጥ ልጃቸውን ዳሩ። ንጉሴ ያለበት ሰርግ ደግሞ ሳይፎከር አይበላም። ተነሣ፣ አያቱ የገደሉትን ነብር አወራ፣ አባቱ የማረኩትን ጠመንጃ አወራ። የራሱን ሲጀምርና ጎረምሳው ከቦ ሲያጨበጭብለት ደባሱ መጥቶ እጀታውን ያዘው።

«ይበቃሃል፤ ሙሽሮቹም ይጨፍሩ እንጅ» ብሎ እየገፋ አስቀመጠው።

ንጉሴ ከፋው። ደባሱ ራሱ ሲፎክር ድምፁ ስለሚንቀጠቀጥበት፣ ቅናት ነው ብሎ አለፈው።

ብዙም ሳይቆይ ያሪቭ ሠራተኛውን ገንዳው ዳር ሰበሰበ።

«ሰው አውርቷል» አለ። «ድምፅ የሌለው ሞተር እንዳለን ውጭ ታውቋል። ወሬው የወጣው ከያቭነ ነው። ያወራው ካልተገኘ ሁላችሁንም አሰናብታለሁ። ቤሰደር፣ እሺ?»

ንጉሴ ቀና ብሎ ቢያይ ደባሱ መሬት መሬት ያያል። ከመካከላቸው ያቭነ የሚኖር እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የደባሱ ነገር አላማረም። ሥራ ሲያልቅ ድሮ አብረው እየቀለዱ ይሄዱ ነበር፤ አሁን «ቀጠሮ አለኝ» እያለ ይጠፋል። አንድ ቀን ጌዴራ አንድ ኪዮስክ ጥግ ንጉሴ ከማያውቀው ጎረምሳ ጋር ስልክ ላይ አቀርቅሮ አየው። ሌላ ቀን ቂርያት ማላኪ ድረስ መጥቶ፣ የንጉሴን ደጅ አልፎ፣ ላይኛው ፎቅ ወጣ።

«አንድ ሰላምታ እንኳ?» አለች ውብዳር በመስኮት እያየች።

«ዓሣ ፈርቶ ይሆናል» አለ ንጉሴ። እሱም አልሳቀ፣ እሷም አልሳቀች።

የንጉሴ ጥርጣሬ የለየለት ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው። ደባሱ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራል። «ሁሉንም አጥፋው። የላክህለትም ሰው ያጥፋ። ንጉሴ እንዳይሰማ፣ አደራ።»

«ምኑን ነው የማልሰማው?» አለ ንጉሴ ከኋላው።

ደባሱ ደነገጠ። «የቤት ጉዳይ ነው» አለ።

ንጉሴ ያን ቀን እራት አልበላም። ከራሴ በላይ ብሎ ደረቱን የመታበት ቦታ የቆሰለ መሰለው። በማግስቱ ያሪቭ ቢሮ ገባና፣ «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔው ልንገርህ» ብሎ ያየውንም የሰማውንም ዘረገፈው።

ደባሱ ተጠራ።

«አንተ ነህ ያወራኸው?» አለው ያሪቭ።

ደባሱ ንጉሴን አየው።

«እኔ ነኝ» አለ። ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምነው ደባሱ» አለ ንጉሴ። «ምን በደልሁህ?»

«ዝም በል ንጉሴ። ሥራህን ያዝ።»

የሄደው በዚህ ቃል ነው። ንጉሴ ንቀት አድርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ፊቱን ያዞርበታል፤ ሰው «ያ ጓደኛህስ?» ሲለው «ሞቷል» ይላል። ቀልዱም አብሮት ደረቀ። ሞተሩ ተፈትኖ አለቀ፣ ገንዳው ተደፈነ፣ ንጉሴ ቤኤር ቱቪያ ያለ መጋዘን ሥራ ገባ። ቂሙ ግን አልተደፈነም።

አንድ ዓርብ እትዬ ዘነበወርቅ ደወሉለት።

«ንጉሴ ልጄ፣ ምን ነክቷችሁ ነው ከደባሱ የተኳረፋችሁ? እሱ ይኸው ሥራ ካጣ ወዲያ ደጅ አይወጣም።»

«እሱን አያንሱብኝ እትዬ። ያመንሁት ሰው ሸጦኛል።»

«ደባሱ ነው የሸጠህ?» አሉ። «ሰርጋችን ላይ ‹የባህሩን ሞተር አፉን አስይዤ፣ ገንዳ ውስጥ ድምፁን የገደልሁ› እያልህ ስትፎክር ልጆቹ የቀረጹትን፣ እንጀራህ እንዳይቋረጥ ብሎ ቤት ለቤት እየዞረ ከየስልኩ ሲያስጠፋ የከረመው ደባሱ ነው የሸጠህ?»